ሌላ (ይገለጽ)

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳወራሁት እንጃ፣ እስካሁን ግን ሳስበው ያበሽቀኛል፣ ማን ላይ እንደምበሽቅ ነው የማላውቀው።

በቢዮ አዋሌ በኩል ያለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ውስጥ አፍሪዴቭ የሚባለው በእጅ የሚሰራ የውሃ ፓምፕ ከቆመ ሁለት ወር አለፈው ተባለና እኔ፣ ቴክኒሻኑና ሹፌሩ ተላክን። እኔ እንግዲህ የማህበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ ነኝ፣ መፍቻ አልይዝም፣ የምይዘው ፎርምና ምላስ ነው። ሳንወጣ ገና አለቃችን «ያው ተሳትፎው ደካማ ስለሆነ ነው» ብሎን ነበር፣ ምርመራው ቢሮ አልቋል ማለት ነው።

ግራር ስር ሰበሰብናቸውና ጀመርኩ። ፓምፑ የናንተ ነው፣ ተረክባችኋል፣ የባለቤትነት ስሜት ከሌለ መንግስት ሁሌ እየመጣ አይጠግንላችሁም፣ ለመለዋወጫ ማዋጣት አለባችሁ፣ ምናምን። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዛ በተሰባበረ የድሬ ኦሮምኛዬ። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ፣ እኔ በኦሮምኛዬ የሚስቁ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅ እላለሁ።

የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ አንዲት አዴ ናቸው። «ጨረስክ?» አሉኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፣ እኔ ግን እሳቸውን ከዛን ቀን ወዲህ አንቱ እላቸዋለሁ።) ከሻርፓቸው ስር የተማሪ ደብተር አወጡ፣ የምትጽፍላቸው ልጃቸው ናት። በየቤቱ በወር 10 ብር፣ አንድ በአንድ። ከዛ ወጪ፦ መኪና ድሬ ደርሶ መልስ፣ ጎማ የለም ተባለ። መኪና ድሬ ደርሶ መልስ፣ ደብዳቤ አምጪ ተባለ። መኪና ድሬ ደርሶ መልስ፣ ነገ ነይ ተባለ።

ጎማ የሚሉት ዩ-ሲሏን፣ የፓምፑ ፒስተን ላይ የምትገባዋን ማሸጊያ ነው። በእጅ መዳፍ የምትያዝ ነገር፣ በየዓመቱ መቀየር ያለባት፣ አሸዋ ከበዛ ደግሞ ዓመትም አትደርስ።

«ነገ ነይ ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

አቦ መሬት ብትከፈት ገብቼ ነበር። ትዝ አለኛ! ኮሪደር ላይ አሮጌዋን ጎማ በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው የቆሙት ሴትዮ፣ እኔ ለምሳ ስወጣ፣ እስቶር ኪፐሩ የለም ብዬ ሳልቆም ያለፍኳቸው። እና ይቅርታ እንደማለት ምን ብል ጥሩ ነው? «ብዙ ሰው ስለሚመጣ ነው እኮ አዴ።»

«እኔ ሶስቴ መጣሁ፣ ግን ያው አንድ ሰው ነኝ» አሉኝ።

ይሄኔ ቴክኒሻኑ ምንም ሳይል ከመሳሪያ ሳጥኑ አዲስ ዩ-ሲል አወጣ። ለካ ይዟል! ለምን እንደያዘ አልጠየቅኩትም፣ እስቶር ያለው ነገር ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደሚገኝ እዚህ ሙያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አፍሪዴቭ ደግሞ ሲሰራ ጀምሮ የገጠር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው፣ አንድ 19 ቁጥር መፍቻ ይበቃዋል፣ ፒስተኑ ቧንቧውን ሳታወጣ ከነዘንጉ ይሳባል። ሰዓት አልሞላውም፣ መጀመሪያ ደፍራሽ መጣ፣ ቀጥሎ ጠራ፣ ጀሪካኑ ሁሉ ተንጋጋ።

በቃ እንሂድ ስንል አዴ መኪናዋ ፊት ቆሙ። «ዋጋው ስንት ነው?» በነጻ ነው ብንላቸው እምቢ። ስልጠና ላይ መለዋወጫ በኛ ነው ብላችሁን የለ፣ ደብተሩ ላይ ምን ብዬ ላስጽፍ? ያንን ስልጠና የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሶስት ቀን፣ ከነአበሉ። ብሩን እንዳንቀበል ደረሰኝ የለንም። ሀያ ደቂቃ ተከራክረን በመጨረሻ ልጅቷ «ጎማ፣ ደረሰኝ የሌለው» ብላ ጻፈች፣ እኔንም አስፈረሙኝ። ሹፌሩ ጫቱን ትቶ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ቢሮ ገብቼ ፎርሙን ስሞላ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚለው ጋ «ሌላ (ይገለጽ)» ላይ ምልክት አደረግኩና መስመሩን ባዶ ተውኩት። በነጋታው ዳታ የሚያስገባው ልጅ መጣ።

«ሲስተሙ ባዶ አይቀበልም ወንድሜ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የተሳትፎ ድክመት ልበለው? ሁሉም እሱን ነው የሚሉት።»

እሺ በለው አልኩት። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።