ማውረድ ሌላ፣ ቢልድ ማድረግ ሌላ፦ ከኮምቦልቻና ከደሴ ሆነን ቢልዳችንን እንዴት እንዳረጋጋነው

ሰላም ለሁላችሁ። ግማሾቻችን ኮምቦልቻ ግማሾቻችን ደሴ ሆነን የምንሰራት አንዲት ትንሽ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት አለች፣ የኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ፣ የፈረንጁን ወደኛ የምትቀይር የፓይተን ላይብረሪ ነች፣ ከሷ ጋር ደግሞ በብሮውዘር የምትከፈት ቀለል ያለች ካላንደር አለች። ስለ ካላንደሯ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለኩት ቢልዱን ነው፣ ማለትም ኮዱ ከሚጠቀምባቸው የሰው ፓኬጆች ጋር ተገንብቶና ተፈትሾ ለተጠቃሚ የሚሰጥ ፋይል የሚሆንበትን ሂደት፣ ምክንያቱም ከኮዱ በላይ ጊዜያችንን የበላው እሱ ነበር፣ አሁን ግን በጣም ተረጋግቷል፣ የሄድንበት መንገድ ደግሞ ኔትወርክና መብራት ለሚያስቸግራችሁ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ፓስ ያደረገ ኮድ ማንም ሳይነካው ዛሬ ፌል ያደርጋል። ሲአይው (ኮድ በተቀየረ ቁጥር ሰርቨር ላይ በራሱ ቢልድና ቴስት የሚያደርገው ሲስተም) ቀይ ሲሆን፣ ማለትም ሲወድቅ፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፣ እንደገና አስኪድ የምትለዋን በተን መጫን፣ ከዛ አረንጓዴ ሲሆን ተመስገን ብሎ መቀጠል። እኔ ይሄን ልማድ አጥብቄ ነው የምቃወመው፣ በሁለተኛው ዙር አረንጓዴ ስለሆነ እኮ ምክንያቱ አልጠፋም፣ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚሰጥ ቨርዥን) በምታወጡበት ቀን ይመለሳል። ስለዚ መጀመሪያ ያደረግነው ምንም ቴክኒክ የሌለው ነገር ነው፣ ሪፖው (የፕሮጀክቱ ኮድ የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ አንዲት የጽሁፍ ፋይል ከፈትንና ቢልዱ ቀይ በሆነ ቁጥር ያየው ሰው ቀኑን፣ የወደቀውን ነገርና የደረሰበትን ምክንያት በአንድ መስመር እንዲጽፍ ተስማማን፣ ምክንያቱን ካላወቀ "አልታወቀም" ብሎ ይጽፋል እንጂ ዝም ብሎ አያልፍም። ትንሽ ቆይተን ስናነባት "አልታወቀም" የተባሉት ራሱ እየተገጣጠሙ ሄዱ፣ ወይ ኔትወርክ ነው፣ ወይ ያልታሰረ (በቁጥር ያልተወሰነ) ቨርዥን ነው፣ ወይ ሰዓት ነው። ከነዚህ የወጣ ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ከኔትወርኩ ልጀምር። በ2015 ክረምት ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት እንደቆየ ታውቃላችሁ፣ ዋይፋይ ያለው ሰው ጋ ካልሄድክ አንድ ፓኬጅ መጫን አይታሰብም ነበር። አሁንም ቢሆን ዳውንሎድ ግማሽ ላይ ደርሶ መብራት ይሄዳል። እዚህ ሆነህ ስትሰራ ቶሎ የሚገባህ ነገር፣ ቢልድ የምንለው ነገር ውስጥ ሁለት ስራ ተደባልቆ እንዳለ ነው። አንዱ የሰው ኮድ ከኢንተርኔት ማምጣት፣ ሌላው ያለህን ነገር ይዞ መገንባት። የመጀመሪያው በተፈጥሮው አያስተማምንም፣ ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ መሆን ይችላል፣ ሲደባለቁ ግን የአንደኛው በሽታ ወደ ሌላው ይጋባል። ይሄ ደግሞ የኛ ፈጠራ አይደለም። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ፓኬጅ ቢልድ ሲደረግ ከኔትወርክ ምንም ነገር ማውረድ በፖሊሲ ክልክል ነው። ኒክስ የሚባለው ፓኬጅ ማኔጀርም ቢልዱን ኔትወርክ በሌለው ሳንድቦክስ (ከሌላው በተነጠለ ቦታ) ውስጥ ነው የሚያስኬደው፣ ማውረድ የሚፈቀደው የሚመጣው ነገር ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ እንደ አሻራ የሚያገለግል የፊደልና የቁጥር ድርድር) አስቀድሞ ለተጻፈለት ብቻ ነው። እነሱ ኔትወርክ ጠፍቶባቸው አይደለም እንዲህ ያደረጉት፣ ለኛ ግን ድርብ ጥቅም አለው።

በተግባር እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ። በፓይተኑ በኩል ሪኳየርመንት ፋይላችን ላይ እያንዳንዱ ፓኬጅ፣ እኛ በቀጥታ የማንጠራቸው የፓኬጆቹ ፓኬጆች ጭምር፣ ቁርጥ ካለ ቨርዥንና ከሻ 256 ሃሽ ጋር ተጻፈ። የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕ ሪኳየር ሃሽስ የሚል ኦፕሽን አለው፣ እሱ ሲበራ ሃሹ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ አልጭንም ብሎ ያቆማል። ከዛ ፒፕ ዳውንሎድ በሚለው ትእዛዝ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ እናወርዳለን፣ ስንጭን ደግሞ ኖ ኢንዴክስ ብለን ኢንተርኔቱን ጭራሽ እንዳይነካና ከዛ ፎልደር ብቻ እንዲያነሳ እናዘዋለን።

ፎልደሩ በፍላሽ ይጓዛል። ደሴ ላይ ጥሩ ዋይፋይ የምታገኘዋ ልጅ አውርዳ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ትሰጣለች፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ያው በዛው ቀን እኛ ጋ ይደርሳል። ኮዱ ራሱም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፣ ጊት በንድል የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ሙሉ ሪፖውን ወይ አዲሶቹን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ብቻ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ይሰጥሃል፣ ተቀባዩ ከዛ ፋይል ላይ ልክ ከሰርቨር እንደሚያደርገው ፑል ያደርጋል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እባካችሁ ሞክሩት። ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይዞራል የሚል ስጋት ነበር፣ ትክክለኛ ስጋት ነው፣ ግን ሃሹ ሪፖው ውስጥ ስላለ ፍላሹ ስንት ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ የተነካካ ፓኬጅ አይጫንም። ለፓኬጆቹ ፍላሹን ማመን አይጠበቅብንም፣ ሃሹ ይበቃል።

እዚህ ጋ ትንሽ ያደከመን ነገር አለ። ፒፕ ዳውንሎድ የሚያወርደው ለሚሰራበት ኮምፒውተርና ለዛው የፓይተን ቨርዥን የሚሆነውን ዊል (ለመጫን የተዘጋጀ የፓኬጅ ፋይል) ነው። ደሴ ሊኑክስ ላይ የወረደው ኮምቦልቻ ዊንዶውስ ላይ የሚገጥም ፓኬጅ የለም ይላል። መፍትሄው ስታወርዱ ፕላትፎርሙንና የፓይተኑን ቨርዥን በግልጽ መንገርና ቢልድ የተደረገውን ባይነሪ ብቻ አምጣ ማለት ነው፣ ለሊኑክስ አንዴ ለዊንዶውስ አንዴ፣ ሁለቱም እዛው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ሃሹም የሁለቱም መጻፍ አለበት።

በጃቫስክሪፕቱ በኩል ሎክ ፋይሉ (የእያንዳንዱ ፓኬጅ ቁርጥ ያለ ቨርዥን የሚጻፍበት) ድሮም ነበር፣ ግን በጃቫስክሪፕቱ ፓኬጅ መጫኛ ኤንፒኤም ኢንስቶል ስትል ፓኬጅ ጄሰኑና (የምንፈልጋቸው ፓኬጆች ዝርዝር) ሎኩ ካልተስማሙ ሎኩን እያስተካከለ ነው የሚያልፈው። ኤንፒኤም ሲአይ የሚለው ትእዛዝ ግን ካልተስማሙ ቀጥ ብሎ ያቆማል፣ የነበረውን ኖድ ሞጁልስ የሚባለውን የፓኬጆች ፎልደር አጥፍቶም በሎኩ መሰረት እንደ አዲስ ይጭናል፣ ስለዚ ሲአይ ሰርቨሩ ላይ ከሱ ውጪ አንጠቀምም። ሎክ ፋይል ግን የቱን ቨርዥን እንደምትፈልግ ይነግርሃል እንጂ ቨርዥኑን አያስቀምጥልህም። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ብቻ ያላት ፓኬጅ ባለቤቷ ከኤንፒኤም ሲያነሳት ቤብልን የመሰሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ቢልዳቸው ቆሞ ነበር፣ እነዛ ሁሉ ቨርዥን አስረውም ቢሆን አይድኑም ነበር ምክንያቱም ፋይሉ ራሱ የለም። ከዛ በኋላ ኤንፒኤም ፓኬጅ ማንሳትን የሚገድብ ህግ አወጣ፣ እሰየው፣ እኛ ግን የራሳችንን ኮፒ እንይዛለን።

አሻሽሎ መሄዱስ እንዴት ነው የሚል ይኖራል። ማሰር ማለት አሮጌ ላይ መቅረት አይደለም። በየወሩ አንዴ ዲፔንደንሲዎቹን (የምንጠቀማቸውን የሰው ፓኬጆች) እናድሳለን፣ ግን ያ ኮሚት ሎክ ፋይሎቹን ብቻ ነው የሚነካው፣ ኮድ አይቀላቀልበትም። ቀይ ከሆነ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ጥያቄ የለውም። ሲአይው የሚሮጥበት ኦፕሬቲንግ ሲስተምም እንደዚሁ ይታሰራል፣ ሲአይ ላይ የኡቡንቱ ሊኑክስን ቨርዥን ያለ ቁጥር የሚጠራው ኡቡንቱ ሌተስት የሚለው ስም ከ22.04 ወደ 24.04 ሲዞር ፓይተኑም አብሮ 3.12 ሆነ፣ ፓይተን 3.12 ደግሞ ዲስትዩቲልስ የሚባለውን የድሮ ሞጁል ጨርሶ አውጥቶታል፣ አንድ አሮጌ ስክሪፕታችን እሱን ይጠራ ስለነበር ኮድ ሳንነካ ወደቅን። አሁን 24.04 ብለን በቁጥር ነው የምንጽፈው። ሲአይ ላይ የምንጠቀማቸውን የሌላ ሰው አክሽኖችም (የተዘጋጁ ስክሪፕቶች) በታግ (ለአንድ ኮሚት በሚለጠፍ ስም) መጥራት ትተን በኮሚቱ ሙሉ ሃሽ አሰርናቸው፣ ታግ ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት ሊያዞረው ይችላላ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፣ ይሄኛው ለኔ በጣም የሚገርመው ነው። ሌሊት ሌሊት የሚሰራ ልጅ አለን፣ እሱ ጋ ብቻ የሚወድቅ ቴስት ነበር። ሲአይ ላይ መቼም ወድቆ አያውቅም፣ ቀን ስንሰራ እኛም ጋ አይወድቅም። ቴስቱ የዛሬን ቀን በሁለት መንገድ ያወጣል፣ አንዱ ከኮምፒውተሩ ሰዓት፣ አንዱ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት)። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ቀን ገብቷል፣ በዩቲሲ ግን ገና ትናንት ነው። ሲአይ ሰርቨሩ ራሱ በዩቲሲ ስለሚሰራ ሁለቱ መንገዶች ሁልጊዜ ይስማሙለታል። ሌላም ነበር፣ ያለንበትን ወር ወስዶ 30ኛውን ቀን የሚጠይቅ ቴስት፣ ይሄ አስራ ሁለቱን ወር ሙሉ ሰላም ነው፣ ጳጉሜ ሲገባ ይወድቃል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ራሱ ይድናል። የድንገት ብልሽት ይመስላል እንጂ ጳጉሜ 5 ወይ 6 ቀን ብቻ ስላላት ነው።

ከዛ በኋላ የወሰንነው፣ የትኛውም ቴስት ዛሬ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም። ቀኑ ከውጪ ይሰጠዋል። የመረጥናቸው ቀኖች ደግሞ ከባድ ከባዶቹን ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጋር፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ከሴፕቴምበር 12 ጋር። እ.ኤ.አ. 1900 ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረው ከሱ በፊት ያለው የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል፣ ስለዚ የአድዋ ድል፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ማርች 1 ቀን 1896 ነው የሚሆነው፣ አሁን የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ከሰፈራችን ደግሞ የውጫሌ ውል አለ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ሜይ 2 ቀን 1889። እነዚህ ዛሬም ከ10 ዓመት በኋላም መልሳቸው አንድ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ገና በመስራት ላይ ነን፣ ግን ግማሹ ተሳክቷል። ሪፕሮዲዩሲብል ቢልድ የሚሉት ነው፣ ከአንድ ሶርስ የተለያየ ሰው በተለያየ ቦታ ቢልድ ሲያደርግ ባይት በባይት አንድ አይነት ፋይል መውጣት አለበት፣ ደቢያኖች ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የሚለፉበት ነገር ነው። መጀመሪያ ስንሞክር የኛና የደሴዎቹ ፋይል ሃሽ አይገናኝም። ዲፎስኮፕ የሚባል ፕሮግራም ሁለቱን ፋይል በታትኖ የት እንደሚለያዩ ያሳያል፣ ስናየው ኮዱ አንድ ነው፣ የሚለየው ዚፑ ውስጥ የተጻፈው የፋይሎቹ ሰዓትና የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፣ ስክሪፕቱ የፎልደሩን ዝርዝር ሲያነብ ሶርት እንዲያደርግ ማድረግ፣ ፋይል ሲስተሙ የሚሰጠው ተራ እኮ ቋሚ አይደለም። ለሰዓቱ ሶርስ ዴት ኢፖክ የሚባል የታወቀ ቫሪያብል አለ፣ እሱን የመጨረሻው ኮሚት ሰዓት ላይ አደረግነው። ዜሮ እናድርገው ያለ ነበር፣ ግን ዜሮ ማለት እ.ኤ.አ. 1970 ነው፣ ዚፕ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1980 በፊት ያለ ቀን መያዝ አይችልም፣ የፓይተን ዚፕ ፋይል ሞጁል ወዲያው ኤረር ይሰጣል።

ከዛ አንድ ቅዳሜ ማታ እኔና የደሴዋ ልጅ ቢልድ አድርገን ስልክ ተደዋወልን። ኮምቦልቻ መብራት ስላልነበረ እኔ ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ነኝ፣ ኢንተርኔት የሚባል የለም፣ ሁሉም ነገር ከፍላሹ ፎልደር ነው። እሷ የሃሹን መጀመሪያ ታነባለች እኔ እከተላለሁ፣ ስምንተኛው ፊደል ላይ ስንደርስ አብሽር ደርሰናል አለችኝ፣ ግን 64ቱንም አስነበብኳት፣ ሁሉም ገጠመ። በጣም ነው ደስ ያለን!

ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2024 ላይ የታወቀውን የኤክስዜድ (ብዙ ሊኑክሶች ላይ ያለ የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም) ነገር አስታውሱ። 5.6.0ና 5.6.1 ላይ የገባው የኋላ በር ቢልዱ ላይ የሚያስነሳው ስክሪፕት ጊቱ ላይ አልነበረም፣ ለሪሊዝ በተዘጋጀው ታርቦል (ሶርሱ የተጠቀለለበት ፋይል) ውስጥ ነው የተገኘው። ታርቦል ጊት ላይ የሌሉ፣ በማሽን የተፈጠሩ ፋይሎች መያዙ የተለመደ ስለሆነ ልዩነቱ ማንንም አላስደነገጠም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ) ሲገባ በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ ከንክኖት ሲከታተል ነው የደረሰበት። ስለዚ የኛ ሪሊዝ ከጊት ታግ ብቻ ነው የሚወጣው፣ በእጅ የሚጨመር ፋይል የለም፣ ከመውጣቱ በፊትም ሁለት ከተማ ላይ ቢልድ ተደርጎ ሃሹ መግጠም አለበት።

የቀረን የጃቫስክሪፕቱ በኩል ነው፣ የካላንደሯ ባንድል (ኮዷ በአንድ ላይ የተጠቀለለበት ፋይል) ዊንዶውስ ላይ ሲሰራና ሊኑክስ ላይ ሲሰራ እስካሁን ሃሹ ይለያያል። የምንጠረጥረው የመስመር መጨረሻውን ነው፣ ጊት ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲያወጣ መስመር መጨረሻውን ሊቀይረው ይችላል፣ ስለዚ ጊት አትሪቢዩትስ ፋይል ላይ አንድ አይነት እንዲሆን ጽፈን ልንሞክር ነው። ይሄን ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ በተለይ ዊንዶውስ ላይ የምትሰሩ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልን፣ የኛን ስክሪፕቶች የሚፈልግም ካለ ይጠይቀኝ፣ በፍላሽም ቢሆን እንልካለን።