ጥለት የታሰረላቸው ዱባዎች

ጥቅምት 21 ማርያም ናት። በአብዛኛው ዓመት ይህችው ዕለት በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ላይ ስለምትውል ደጃፍ በዱባና በአስፈሪ ምስሎች ከሚያጌጥበት የፈረንጆች በዓል፣ ከሃሎዊን ጋር ትገጥማለች። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ማስተናገድ ግድ ይለዋል፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ ደግሞ ከረሜላ ፍለጋ በር የሚያንኳኩ የሰፈር ልጆች። አጽምና ጭራቅ ደጃችን ላይ እንዳይቆም ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ገና ልጃችን መራመድ ስትጀምር ነው። ዱባውን ግን አልከለከልናትም።

ዘንድሮ ትልቁን ዱባ ላለመግዛት ወሰንኩ። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ ይበልጥ የሚያስከፋኝ ግን መጨረሻው ነው። ተቦርቡሮ ዓይንና አፍ የወጣለት ዱባ ቢቆይ ቢቆይ ሳምንት ነው። ከዚያ ይሻግታል፣ ይሟሽሻል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይጣላል። ያን ያህል ምግብ ሲጣል ማየት ያመኛል። በእሱ ፋንታ መዳፍ ላይ የሚቀመጡትን ትንንሾቹን ገዛሁ። ‹ጃክ ቢ ሊትል› የሚባለው ዝርያ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጎድን ጎድኑ ጎልቶ የሚታይ፣ ደማቅ ብርቱካንማ ነው። ካልተበሳና ካልቆሰለ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ለወራት ይቆያል።

ቀለም ልንቀባቸው ማሰባችንን ስነግራቸው አማቴ ደነገጡ። «ልጄ፣ የሚበላ ነገር ላይ ቀለም ይቀባል?» አሉኝ። ጾመ ጽጌን የሚጾሙ ሰው ናቸው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ቅቤ አይነኩም። ለእሳቸው ዱባ ማለት በዘይት የሚሠራ፣ በርበሬው የበሰለለት የጾም ወጥ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ቀለም የነካው ዱባ ድስት አይገባም። ቀለሙን ተውነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የመሩት እሳቸው ናቸው። ከሻንጣቸው ሥር አንድ ያረጀ ነጠላ አወጡ። መሃሉ ሳስቶ ተበጣጥሷል፤ የጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ግን ገና አልደበዘዘም። ጥለቱን በመቀስ ከሸማው ለዩት፣ በቁራጭ በቁራጩ ከፋፈሉት፣ ጫፉ እንዳይተረተር በመርፌ ዘመዘሙት። ልጄ ዱባዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ አደረቀች። ጥለቱ በዱባው ወገብ ዙሪያ ይዞርና ከኋላ በክር ይቋጠራል፤ ሙጫ የለም፣ ስፒል የለም። ለጌጡ ያወጣነው አንድም ሳንቲም የለም። አንዱ ላይ ልጄ ቅርንፉድ ሰክታ ዓይንና ፈገግታ ሠራችለት፤ ወጥ ቤቱ በሙሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ። የተበሳ ዱባ ቶሎ ስለሚበላሽ ባለ ፈገግታው ቀድሞ እንደሚበላ አያቷ ሲነግሯት፣ «እሺ፣ ግን ቅርንፉዱን የምነቅለው እኔ ነኝ» አለች።

አንዱን ብቻ ወደ ሰማያዊ ባደላ አረንጓዴ ጥብጣብ አሰርነው። ጎረቤታችን ለውዝ የማይቀምስ ልጅ አለ፤ ቢቀምስ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። በአሜሪካ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ዱባ ደጃፍ ላይ ከታየ እዚያ ቤት ከምግብ ሌላ ስጦታ እንዳለ ይታወቃል። የምግብ አለርጂ ያለባቸውን ልጆች ለመርዳት የተስፋፋ ልማድ ነው፤ ከሃሎዊን ሁሉ እኔ ከልቤ የምወደው ይህን ነው። እርሳስና ተለጣፊ ሥዕል ገዝተን በሳህን አስቀምጠናል። ከከረሜላውም ይረክሳል።

የዱባው ልማድ ራሱ በስደተኞች እጅ የተለወጠ ነው። አየርላንዳውያን በአገራቸው የሚቦረቡሩት ተርኒፕ የሚባለውን የሥር አትክልት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ በብዛት ሲሰደዱ፣ የዚሁ ምድር ተወላጅ የሆነውን፣ ትልቁንና ለመቦርቦር የሚቀለውን ዱባ አገኙና በእሱ ተኩት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ባለ ጥለቱን ዱባ በራፌ ላይ ሳስቀምጥ የሰው በዓል የተዋስኩ አይመስለኝም። ልጄም ለክፍል ጓደኞቿ «ይህ የአያቴ ነጠላ ነው» ብላ ስታሳይ ሰምቻታለሁ፤ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ኩራት አስደሰተኝ።

ባለ ፈገግታው ትናንት ተበላ። ትንንሾቹን መላጥ ስለሚያደክም አማቴ ለሁለት ሰንጥቀው ምድጃ ውስጥ አበሰሉትና ሥጋውን በማንኪያ ፍቀው ቁሌቱ ላይ ጨመሩት። ፍሬውም አልተጣለም፤ ታጥቦ በጨው ተቆላ። ወጡ ለሁላችንም አልበቃም፤ አንድ ትንሽ ዱባ ቤተሰብ አያጠግብም። ሃሎዊን ባለፈ ማግስት ግን መደብሮች የተረፋቸውን ዱባ በርካሽ ይሸጣሉ። ይህን ስነግራቸው አማቴ ጾሙ እስኪፈታ ስንት ቀን እንደሚቀር በጣታቸው ቆጠሩና፣ ጥቅምት 22 ጠዋት በመኪና እንድወስዳቸው አዘዙኝ። ትልልቁንም እንገዛለን።