የንጉሡ አከርካሪ

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። አከርካሪዋ ወደ ጎን ይጣመማል፣ ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ ይሉታል። ትምህርት ቤት በጀርባዋ ተሰድባ እያለቀሰች የመጣች ቀን ነው ሌስተር ልወስዳት የወሰንኩት። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው።

እዚያ ከተማ መሃል የመኪና ማቆሚያ ነበር፣ ከሥሩ ደግሞ የፈረሰ የፍራንሲስካን ገዳም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2012 ቁፋሮው በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን የእግር አጥንት ብቅ አለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ ነበር፣ በ1485 ቦስዎርዝ ጦር ሜዳ ላይ በ32 ዓመቱ የተገደለው።

አሁን ቦታው ሙዚየም ነው። መቃብሩ ላይ የመስታወት ወለል ተደርጎበታል፣ ቆማችሁ ወደ ታች ታያላችሁ። ጉድጓዱ አጥሮታል፣ ራሱ ቀና እንዳለ ነው የተገኘው። ለንጉሥ አይደለም ለማንም እንደዚያ አይቆፈርም፣ አንጀቴን በላኝ።

ከዚያ በ3ዲ ፕሪንተር የተሠራው የአጥንቱ ቅጂ ጋ ደረስን። አከርካሪው መሃል ላይ ወደ ቀኝ ወጥቶ፣ ዞሮ ይመለሳል።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ የኔ ራጅ ነው!» አለች።

ሰውየውን 500 ዓመት ሙሉ ጎባጣ ሲሉት ኖረዋል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አከርካሪውን አንድ በአንድ ሲያዩት ግን ወደ ፊት የጎበጠ ነገር የለም፣ ጥምመቱ ወደ ጎን ነው፣ የጀመረውም ከ10 ዓመቱ በኋላ ነው። ቀኝ ትከሻው ከፍ ይል ነበር። አያነክስም። ጥሩ ልብስ ሰፊ ካለው ብዙም አይታወቅበትም ነበር ይላሉ። ይሄንን ሁለቴ አስነበበችኝ። ሲሞት የደረሰበት ቁስል 11 ነው፣ 9ኙ ራስ ቅሉ ላይ። ክንዱ ላይ ምንም የለም፣ ስለዚህ ጥሩሩን እንደለበሰ፣ የራስ ቁሩ ግን ወልቆ ነው የሞተው ማለት ነው። ዳሌው አካባቢ ካለው አፈር ደግሞ የወስፋት እንቁላል አግኝተዋል። ንጉሥም ወስፋት ነበረበት!

«ከኋላ አንሺኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ይቺ ልጅ ከኋላዋ ካሜራ ሲዞር የምትሸሽ ናት። ከአጥንቱ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፣ ሦስት ፎቶ አነሳኋት።

ካቴድራሉ ከመንገዱ ማዶ ነው። በማርች 26 ቀን 2015 በክብር እዚያ ቀበሩት። መቃብሩ ነጣ ያለ ትልቅ ድንጋይ ነው፣ ላዩ ላይ መስቀል በጥልቁ ተቀርጾበታል። ማንነቱን ካረጋገጡት ነገሮች አንዱ ከእናት የሚወረሰው ዲኤንኤ ነው። የእህቱን የአንን ዘር በእናት በኩል እየቆጠሩ ወርደው ካናዳ ተወልዶ ለንደን የሚኖር አናጺ አገኙ፣ ዲኤንኤው ገጠመ። የሬሳ ሳጥኑንም የሠራው ይኸው አናጺ ነው፣ በእንግሊዝ ኦክ እንጨት። ይህን ስነግራት ድንጋዩን በመዳፏ ነካ አድርጋ «ዘመዱ ነዋ የሠራለት» አለችኝ።