የደንበኛ ምስጢር

በምዕራብ ካንሳስ የገጠር ካውንቲ በሂሳብ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ከባዱ ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ የታክስ ቅድመ ክፍያ ያልከፈለ ገበሬ ሁሉ ታክሱን እስከ ማርች 1 አጠናቅቆ ለማስገባት ቢሯችንን ያጨናንቀዋል። በ2018 በዚያው ወር የአንዲት አዛውንትና መሬታቸውን በጥሬ ገንዘብ ተከራይቶ የሚያርሰው ጎረቤታቸው ፋይሎች እኔው ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

አዛውንቷ ፎርማቸውን እየፈረሙ፣ ስንዴ ዋጋ ስላጣ አራሹ ኪራዩን እንዲቀንሱለት ለምኗቸው እንደቀነሱለት ነገሩኝ። እውነትም የ2016 ምርት ስንዴ አማካይ ዋጋ ቡሼል በተባለው የእህል መስፈሪያ 3 ዶላር ከ89 ሳንቲም ወርዶ ነበር። ይሁንና ሕጉ ያስቀመጠው መነሻ ዋጋ 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ስለነበር ልዩነቱን መንግሥት በኦክቶበር 2017 ከፍሏል፤ ያውም በተዘራው ልክ ሳይሆን፣ በመሬቱ ላይ ከድሮ በተመዘገበው የስንዴ ኤከር 85 በመቶ ታስቦ። ይህን የመንግሥት ክፍያ የሚያሳየውን የአራሹን ወረቀት፣ 1099-ጂ የሚባለውን፣ የገበሬ ገቢ በሚሞላበት ሼጁል ኤፍ ላይ ያሰፈርኩት በዚያው ጠዋት ነበር።

ክፍያው ለእሱ መድረሱ ሕጋዊ ነው፤ ባለመሬቷ በረዶ ቢወርድም ዝናብ ቢጠፋም ኪራያቸውን ስለሚቀበሉ፣ ድጎማው የሚሄደው ኪሳራውን ለሚሸከመው ነው። እኔን የከነከነኝ ያ የኪራይ ልመና ነው። ለአለቃዬ ባነሳለት ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ሁለቱም ደንበኞቻችን ናቸው፤ አንተ ቁጥሩን ሙላ» አለኝ። የአንዱን ደንበኛ የታክስ መረጃ ለሌላው ማውጣት በፌዴራል ሕግ ስለሚያስከስስ፣ አባባሉ ቢያናድደኝም ዝም አልኩ።

በቀጣዩ ዓመት አዛውንቷ የልጅ ልጃቸው ያተመላቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። መንግሥት ለየትኛው ገበሬ ስንት እንደከፈለ ለካ የአደባባይ መረጃ ኖሯል፤ ኢንቫይሮንመንታል ዎርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት በየካውንቲው ከነስሙ ዘርዝሮ ያወጣዋል። የአራሹ ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

«ይህን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«የሌላ ደንበኛ ጉዳይ ስለሆነ ምንም ልነግርዎ አልችልም።»

«ንገረኝ መች አልኩህ? እሱን ወረቀቱ ነግሮኛል። ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

ለዚህ ጥያቄ ሕጉም፣ አለቃዬም ያዘጋጁልኝ መልስ አልነበረም። አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ አውቃለሁ ብል ደግሞ የሰውየውን ፋይል መግለጥ ነው። እሳቸው ግን ዓይኔን ትክ ብለው እያዩ ጠበቁኝ፤ የሚፈልጉትንም ከዝምታዬ አገኙት መሰለኝ፣ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ማንም ጠይቆ የሚያገኘውን ደንብ መንገር ስለማይከለከል፣ ውሉ በጥሬ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የምርት ድርሻ ቢሆን ከድጎማውም እንደ ድርሻቸው በስማቸው እንደሚመጣላቸው፣ ግን ምርት ሲጠፋ አብረው እንደሚከስሩ አስረዳኋቸው። ከወረቀቱ ጀርባ ጽፈው ሄዱ። ውሉ ሲያልቅ በአካባቢው በተለመደው ሲሶ አዋዋሉት፤ የእኛም ሥራ የጥሬ ገንዘብ ኪራይ ከሚሞላበት ሼጁል ኢ የምርት ድርሻ ወደሚሞላበት ፎርም 4835 ተዛወረ። አራሹ ፋይሉን ይዞ ወደ ሌላ ቢሮ ሄደ። አለቃዬም «ምን ብለሃት ነው?» ሲለኝ ከረመ፤ ቁጥሩን ብቻ ሙላ ያለኝን ግን ጨርሶ ዘንግቶታል።

በስማቸው የመጀመሪያው 1099-ጂ ሲመጣ የስንዴ ዋጋ እያገገመ ስለነበር ገንዘቡ ከጠበቁት አንሶ አገኙት። ወረቀቱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። በጠረጴዛዬ አጠገብ ሰላምታ ሳይሰጡኝ አልፈው ለአለቃዬ በእጁ ሰጡት፤ «ይህን አንተው ራስህ ያዝልኝ፤ እዚህ ቤት የማምነው አንተን ብቻ ነው» ሲሉትም ሰማሁ። እሱም አመስግኖ ተቀበላቸው፤ እሳቸው እንደወጡም ወረቀቱን አምጥቶ እንድሞላው እኔው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።