ሞላ የሸፈነው ብየዳ

አንድ የሰፈር ብረታ ብረት ቤት ሠርቶ ያስረከበው ባለ ሁለት ክንፍ ካንቸሎ ሦስት ሳምንት አልቆየም። የአንዱ ክንፍ የላይኛው ማጠፊያ ተላቀቀና ክንፉ በታችኛው ላይ ተንጋዶ ቀረ። ደግነቱ በዚያ ሰዓት አጠገቡ የቆመ ሰው አልነበረም። ማጠፊያውን የበየደው ሥራውን ከጀመረ አምስት ወር የሆነው ለማጅ ነው። ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው “ያን ቀን መብራቱ ይወርድ ነበር” የሚል ነበር።

መብራቱ መውረዱ እውነት ሊሆን ይችላል። አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይደክማል፤ ማሽኑ ላይ የተሞላው አምፔር እንዳለ ብረቱ ላይ አይደርስም። የቤቱ ኃላፊ ስለዚህ አልተከራከሩትም። የተላቀቀውን ማጠፊያ አምጥተው ሞርሳ ላይ አሰሩና “እስቲ አንተው እየው” አሉት።

በደንብ ቀልጦ የተዋሃደ ብየዳ በኃይል ሲሰበር ፊቱ ሻካራና ግራጫ ይሆናል፤ በሁለቱም ብረት ላይ የተቦጨቀ ነገር ይቀራል። እዚህ ግን ብየዳው እንዳለ ከቱቦላሬው (ውስጡ ባዶ ከሆነው የክንፉ ብረት) ጋር ሄዷል። ማጠፊያው ላይ ከብየዳው በፊት ሞላ (የብረት መፍጫና መቁረጫ ማሽን) የጫረው መስመር እንኳ ሳይጠፋ ቁጭ ብሏል። ማጠፊያው ጨርሶ አልቀለጠም ነበር ማለት ነው፤ የቀለጠው ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ) እንደ ሰም ላዩ ላይ ተኝቶ ነው የቆየው። የላይኛው ማጠፊያ ደግሞ የክንፉ ክብደት ወደ ውጭ የሚጎትተው ነው። የታችኛው ወደ ምሰሶው ስለሚገፋ እንዲህ ያለውን ደካማ ብየዳ ለጊዜው ሊታገሥ ይችላል፤ የላይኛው አይታገሥም።

ጥፋቱ የመጣው ከውፍረት ልዩነት ነው። ቱቦላሬው 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የማጠፊያው ብረት 8 ሚሊ ሜትር ነው። ልጁ ከዚያ በፊት ቱቦላሬ ደጋግሞ ስለበሳ ፈርቶ፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይዞ አምፔሩን ወደ 55 አወረደው። በዚህ መጠን ስስ ብረት ሳይበሳ ይቀልጣል፤ ወፍራሙ ግን ሙቀቱን ይውጠዋል። መደረግ የነበረበት አምፔሩን ወደ 75 ወይም 80 ከፍ አድርጎ እሳቱን ወፍራሙ ላይ ማሳረፍ፣ እሱ ሲቀልጥ የቀለጠውን ብረት ኩሬ ወደ ስሱ ለአፍታ ብቻ ጠረግ አድርጎ መመለስ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሳንቲ ሜትር አለማለፍ፣ መሐል ላይ እያቆሙ ማቀዝቀዝም ያስፈልጋል። ይህን አለማወቅ ከአምስት ወር ለማጅ የሚጠበቅ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም።

ኃላፊው የጠየቁት ሌላ ነገር ነበር፦ “ስላጉን አራግፈህ ሞላውን ከማንሳትህ በፊት ምን አይተህ ነበር?” ስላግ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚጋገረው ቅርፊት ነው። ልጁ ብዙ ዝም አለ። “ጠርዙ አልተያያዘም ነበር ጋሼ። አብጦ ተንከባሎ ነበር። ሳስተካክለው የሚይዝ መሰለኝ።”

አይቶታል። እብጠቱን በሞላ አስተካክሎ፣ ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም (አንቲረስት) ቀባበት፤ ከቀለሙ በኋላ ያየውን ራሱም ረሳው። ብየዳ በሚማር ሰው እጅ ላይ ያለ ሞላ የሚያሳስበው ለዚህ ነው። ሞላ በደንብ የያዘውን ብየዳ ያሳምራል፤ ካልያዘው ላይ ግን ለማጁ ሊማርበት የሚችለውን ብቸኛ ምልክት ይልጥበታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ለመለማመጃ በበየደው ላይ ሞላ እንዳያነሳ ተከለከለ። ከ6 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ እየቆረጠ፣ አንዱን በሌላው ላይ አቁሞ በአንድ ወገን ብቻ ይበይዳል። ኤሌክትሮዱ 6013 የተባለው ዓይነት ባለ 3.2 ሚሊ ሜትሩ፣ አምፔሩ 110 አካባቢ፣ በብረቱና በኤሌክትሮዱ ጫፍ መካከል ያለው ርቀት ከኤሌክትሮዱ ሽቦ ውፍረት የማይበልጥ። ሲቀዘቅዝ ሞርሳ ላይ አስሮ የቆመውን ብረት በመዶሻ ወደ ተበየደበት ወገን ይመታዋል፤ ሥሩ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል። ሥሩ ላይ ያልተነካ ቀጥ ያለ መስመር ካለ ሙቀቱ አንሷል ወይም እጁ ሮጧል። ጥቁር የስላግ ክር ካለ ስላጉ ኩሬውን ቀድሞታል። እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ከሆነ እሳቱ ርቋል፣ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይዟል፣ ወይም ብረቱ ዝገትና ዘይት አለበት።

ማሽኑና እጁ እንዳይምታቱ ደግሞ ቀላል መለያ ተበጀ። ልጁ ሲያቅተው ኃላፊው በዚያው ማሽን፣ በዚያው ካርቶን ኤሌክትሮድ፣ ከዚያው ብረት አንድ ቁራጭ ይበይዳሉ። የእሳቸው ከያዘ የጎደለው እጅ ነው። የእሳቸውም ከተበሳሳ ኤሌክትሮዱ ይፈተሻል። አንድ ቀን በእርግጥ ካርቶኑ ከሲሚንቶ ወለል ላይ እርጥበት ስቦ ተገኘ። ልጁ ያን ቀን የእሱ ባልሆነ ጥፋት ሲናደድ መዋሉ ቀረለት፤ ይህም ለራስ እውነቱን ከመናገር ይቆጠራል።

ዋናው ግን ጠመኔው ነበር። ከመምታቱ በፊት ልጁ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ “ይይዛል” ወይም “አይይዝም” ብሎ ይጽፋል፣ አምፔሩንም ከጎኑ ያሰፍራል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል “ይይዛል” ነበር የሚጽፈው፤ ግማሽ ያህሉ ገና በሁለተኛው ምት ተከፈተ። የተሰበሩት አልተጣሉም፤ ከነጽሑፋቸው ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። በሦስተኛው ሳምንት “አይይዝም” የሚለው መብዛት ጀመረ። ብየዳው ስለከፋ ሳይሆን ዓይኑ ስለጠነከረ ነው፤ ስላጉ ሲራገፍ ያስቸገረበትን ቦታ፣ እሳቱ ሽንኩርት እንደሚጠበስ ያለውን ወጥ ድምፁን ያጣበትን ቅጽበት ያስታውሳል።

ኃላፊው ማጠፊያ እንደገና የሰጡት ብረቱ መሰበር ሲያቆም አልነበረም። በአንድ ቀን ከበየዳቸው አሥር ቁራጮች ሁለቱ ተከፈቱ፤ ሁለቱም ላይ “አይይዝም” ተብሎ ተጽፎ ነበር። በማግስቱ የዚያው ካንቸሎ ማጠፊያ በእሱ እጅ ተበየደ፤ አንዱን ጠርዝ አይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቆርጦ አውጥቶ ደገመው።