ጅራፍ የለመደ እጅ፦ ሦስተኛው የትራውት ጸደዬ

ትራውት የሚባለውን የወንዝ ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ከጀመርኩ ይህ ሦስተኛ ጸደዬ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው ጸደይ እንዲህ ይላል፦ ስድስት ጉዞ፣ ዜሮ ዓሣ፣ ዛፍ ላይ የቀሩ ዝንቦች 12። የሁለተኛው ትንሽ ይሻላል፤ አራት ዓሣ። ዘንድሮ አርካንሳስ ወንዝ ላይ በአንድ ቀን ብቻ 11 ትራውት ይዤ ለቀቅኩ። ጉራ እንዳይመስልብኝ ብዙውን የማወራው ስለተሳሳትኩት ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ከዚህ ሳላይዳ ከተማ ድረስ ሦስት ሰዓት ግድም ያስነዳል። ወንዙ ከሌድቪል እስከ ፓርክዴል 102 ማይል ያህሉ በ2014 «ጎልድ ሜዳል» የሚባለውን የስቴቱን ማዕረግ አግኝቷል። ብዙ ትራውት፣ መጠኑም ደህና የሆነ አለበት ማለት ነው። አብዛኛው ቡናማው ትራውት ነው። ዕድሜያችሁ 16 ከሞላ ፈቃድ ማውጣት አትርሱ።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። በዝንብ ማጥመድ ሲባል እውነተኛ ዝንብ የለም። መንጠቆ ላይ በላባ፣ በጸጉርና በክር የተጠመጠመች ማስመሰያ ናት። ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የምትወረውሩት እሷን ሳይሆን ወፍራሙን ክር ነው፤ ዝንቧ ተከትላ ትሄዳለች። ይህን ስሰማ «ይቺማ ጅራፍ ናት!» አልኩ። ልጅ ሆኜ ለቡሄ እንደ እኔ ጅራፍ የሚያጮህ ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም።

ያ ነው ያበላሸኝ። ጅራፍ የሚጮኸው ወደኋላ የሄደው ገመድ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደፊት ሲመነጨቅ ነው። የዝንብ ክር ላይ እንዲህ ካደረጋችሁ ጠሽ ይላል፤ ዝንቧም ተበጥሳ ትቀራለች። ግማሽ ቀን ሙሉ ባዶ ክር ስወረውር ውዬ አውቃለሁ። ከዚያ ዓሣ የለም ብዬ አማርራለሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ማለት ይኼ ነው።

ያዳነኝ ነገር አንገቴን ማዞር ነው። ወደኋላ ከወረወርኩ በኋላ ዞር ብዬ ክሩ ሲዘረጋ በዓይኔ አያለሁ። ቀጥ ሲል ብቻ ወደፊት። ሞኝ ያስመስላል፤ ግን ዘንድሮ በውርወራ የጠፉብኝ ሦስት ዝንቦች ብቻ ናቸው።

አስተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን «ዘንግህን ከአሥር እስከ ሁለት ብቻ አንቀሳቅስ» ብሎኝ ነበር። የሰዓት መደብ ላይ ያለውን አቅጣጫ ማለቱ ነው። እኔ ዓሣው የሚበላበት ሰዓት መሰለኝ። በእኛ አቆጣጠር ከ4 እስከ 8 ሰዓት ብዬ ጻፍኩት። የሚገርመው፣ በጸደይ ብዙም አልተሳሳትኩም። ማርች መጨረሻና ኤፕሪል ላይ የምትወጣው ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ የምትባለው ትንሽ ሜይፍላይ (ከውሃ የምትወጣ ባለክንፍ ነፍሳት ናት) የምትወደው እኩለ ቀን አካባቢን ነው። በተለይ ደመናማ፣ ካፊያ ያለበት፣ ሰው ከቤቱ የማይወጣበትን ቀን። እንዲህ ባለው ቀን ክንፏ ቶሎ ስለማይደርቅ ውሃው ላይ ትንሽ ትንሳፈፋለች፤ ትራውቱም ጊዜ ያገኛል።

ሜይፍላይ የምትገርም ፍጥረት ናት። ክንፍ ካወጣች በኋላ እንደገና ቆዳዋን የምትገፈው ከነፍሳት ሁሉ እሷ ብቻ ናት። ካደገች በኋላ ደግሞ ምግብ አትቀምስም፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። እኔም ብዙ ጊዜ የምሄደው በሁዳዴ ስለሆነ ሁለታችንም ጾመኞች ነን። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን አይመለከተኝም፤ ይዤ ስለምለቅ። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ትይዘዋለህ ልጄ?» አለችኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

ዋናው ድግስ ግን ካዲስ የሚባለው ሌላው ከውሃ የሚወጣ ባለክንፍ ነፍሳት ነው። እዚህ «የእናቶች ቀን ካዲስ» ይሉታል፤ የእናቶች ቀን እዚህ አገር በሜይ ሁለተኛው እሑድ ስለሚውል። እንደ እውነቱ ካዲስ የቀን መቁጠሪያ አያይም፤ የሚያየው የውሃውን ሙቀት ነው። ወደ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይጀምራል። መጀመሪያ ታች ካኞን ሲቲ አካባቢ በኤፕሪል አጋማሽ ይወጣል። ከዚያ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ሽቅብ ወንዙን ተከትሎ ሜይ መጀመሪያ ገደማ ሳላይዳ ይደርሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ቆጥሬ ሄጄ አንዴ ቀደምኩት፣ አንዴ አለፈኝ። ዘንድሮ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ የጠቀመኝም እሱ ነው።

ያን ቅዳሜ አየሩ በነፍሳት ተሞልቶ ነበር። መነጽሬ ላይ፣ አንገቴ ውስጥ፣ ሻዬ ውስጥ። ዓሣው በየቦታው ውሃውን ይሰብራል። ኤልክ ሄር ካዲስ አሰርኩ። አል ትሮዝ የሚባል አጥማጅ በ1957 የሠራት ዝንብ ናት፤ ክንፏ ኤልክ ከሚባለው ትልቅ አጋዘን ጸጉር ስለሆነ ቡሽ መስላ ትንሳፈፋለች። ሁለት ሰዓት ወረወርኩ። ምንም። አንድ ዓሣ እንኳ ዞር ብሎ አላያትም።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዘንጋቸውን እንኳ አልዘረጉም። «አረፋ ታያለህ?» አሉኝ። አልገባኝም። ዓሣ ነፍሳትን ከውሃው ፊት ላይ ሲውጥ አየር አብሮ ስለሚገባ ትንሽ አረፋ ይተዋል። አረፋ ከሌለና ጀርባው ብቻ ብቅ ካለ የሚበላው ከሥር ነው። ቁጭ ብዬ አየሁ። አንድም አረፋ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካዲስ እጭ ሆኖ ወንዙ ወለል ላይ ከዕፅዋት ስብርባሪ ቤት ሠርቶ ይኖራል። ከዚያ ቤቱን ዘግቶ ይለወጥና አንድ ቀን ወደ ላይ ይዋኛል። ትራውቱ የሚያሳድደው ያን ሽቅብ የሚወጣውን ነው። እኔ ዓይኔ በሚበሩት ተሞልቶ ከሥር ያለውን ረሳሁት።

ከኤልክ ሄሯ ሥር አንድ ክንድ በማይሞላ ቀጭን ክር ለስላሳ የዶሮ ላባ ያላትን ሌላ ዝንብ አሰርኩ። ሁለቱንም ከወንዙ እኩል እንዲሄዱ ለቀቅኳቸው። መጨረሻ ላይ ክሩ ሲወጠር የታችኛዋ ከሥር ወደ ላይ ተነሣች። ያኔ ነው የተያዘው። ቀጣዩም እንደዚያው። ከ11ዱ ዘጠኙ የተያዙት ዝንቧ ወደ ላይ ስትነሣ ነው። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል አንዴ አዳልጦኝ እስከ ወገቤ ገባሁ፤ የሜይ ውሃ የበረዶ ቅላጭ ነው፣ አትሞክሩት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሬይንቦው ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በጸደይ ነው። ወለሉ ላይ ተጠርጎ የነጣ ጠጠር ካያችሁ አትርገጡት።

አሁን በረዶው ቀልጦ ወንዙ ማኪያቶ መስሏል። እስኪጠራ ጓሮ ሣሩ ላይ እየተለማመድኩ ነው። የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ምን እንደማጠምድ ጠየቀኝ። ለእሱ ላሳየው ብዬ ትንሽ ጨከን አድርጌ ወረወርኩ።

ጠሽ አለ።