«አሮጌ»ን ከደብተሬ የሰረዝኩበት ሌሊት

ጎንደር ላይ ማስጎብኘት ስጀምር ደብተሬ ውስጥ ከእንግሊዝኛው «ኦልድ» ትይዩ የጻፍኩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አሮጌ።

አንድ ጠዋት እንግሊዛዊ እንግዳዬ «ኦልድ ጓደኛዬ ከአውቶቡስ ትወርዳለች፣ ተቀበልልኝ» ብሎ ላከኝ። ምርኩዝ እንኳ ባትይዝ ሽበት አይጠፋትም ብዬ መናኸሪያውን ሳስስ ቆየሁ። ለካ ቦርሳዋን አዝላ አጠገቤ የቆመችው የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ኖራለች! አብሮ አደጉ ነች፤ የዱሮ ወዳጄ ማለቱ ነበር። በማግስቱ ስለ «ኦልድ» አለቃው ሲያወራኝ ደግሞ «እግዜር ጤና ይስጣቸው» አልኩት። ሳቀብኝ። ሰውዬው ገና ጎልማሳ ነው፣ የቀድሞ አለቃው ስለሆነ ነው እንጂ።

ማታውን «አሮጌ»ን ሰርዤ ቃሉን ከነተከታዩ መጻፍ ጀመርኩ፦ ኦልድ ጫማ አሮጌ፣ ኦልድ ጓደኛ የዱሮ፣ ኦልድ አለቃ የቀድሞ፣ ኦልድ ከተማ ነባር። እኛ ለየብቻ ስም ያወጣንለትን እነሱ በአንድ ቃል ይጨርሱታል፤ የሚፈታው አጠገቡ ያለው ስም ነው። እሱም ሁልጊዜ አይበቃም፣ ምክንያቱም ዕድሜዋ የገፋ ጓደኛም ያው «ኦልድ» ነች። የሦስት ወር ሕፃን ዕድሜ እንኳ «ሃው ኦልድ» ተብሎ ነው የሚጠየቀው፤ ምኑ አርጅቶ እንደሆነ እንጃ።

ክፉኛ ያፈርኩት ግን በአንድ አባት ነው። ሰፈሩን የሚያስታርቁ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ለእንግዶቼ «ኦልድ ማን» ብዬ አስተዋወቅኋቸው። እንግሊዝኛ የምትችል የልጅ ልጃቸው ዞር ብላ «አያቴን ሽማግሌ ናቸው ነው ያልከው ወይስ ጃጅተዋል?» አለችኝ። «ኤልደር» ማለት ነበረብኝ። የኛ ሽማግሌ ውስጥ ያለው ክብር «ኦልድ ማን» ውስጥ የለም።

ፋሲል ግንብ ላይ ደግሞ ማጋነን መጣ፤ ሁሉንም «ኤንሸንት»፣ ማለትም እጅግ ጥንታዊ፣ እል ጀመር። አንዲት የታሪክ መምህርት ቃሉ ለአክሱም ሐውልቶች እንደሚስማማ፣ አፄ ፋሲል በፈረንጆች 1636 ለቆረቆሯት ከተማ ግን «ኦልድ» እንደሚበቃ ነገረችኝ። እኛ እኮ ሁለቱንም ጥንታዊ ነው የምንላቸው።

አሁን «ሃው ኦልድ?» ሲሉኝ ቃሉ አያስቸግረኝም፣ ቁጥሩ ነው እንጂ። አንዴ ከተማዋ የተቆረቆረችው በኛ አቆጣጠር በ1628 ነው ብዬ ብነግረው፣ አንዱ እንግዳ መጽሐፉን ገልጦ አየና «ከተማዋን ስምንት ዓመት አስረጀሃት» አለኝ።